ብር ነው ወይስ አርቴፊሻል? ደሴ ላይ ጌጥ ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴ ላይ የብር ጌጥ ስትጠይቁ ሁለት ዓይነት ዕቃ ሊቀርብላችሁ ይችላል። አንዱ ከውጭ የገባ፣ 925 የሚል ማኅተም ያለበት ቀለበት ወይም ሐብል ነው። ሌላው ከባቲ ገበያ ወይም ከገጠር ቤት የወጣ አሮጌ አምባር፣ አልቦ ወይም መስቀል። አመራመራቸው ትንሽ ይለያያል።

መጀመሪያ ማኅተሙን ፈልጉ፣ ግን አትመኑት። 925 ማለት ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። የቀረው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው፤ ንጹሕ ብር ብቻውን ስለሚለሰልስ ይቀላቀልበታል። ይህን ቁጥር ቅብ (ላዩ ብቻ ብር የተቀባ ሌላ ብረት) ላይ መምታት ግን ለማንም አይከብድም።

አሮጌው ዕቃ ላይ ደግሞ ማኅተም ባታገኙ አትደንግጡ። የድሮ አንጥረኞች በብዛት የሚያቀልጡት ማርትሬዛ የሚባለውን የድሮ የብር ገንዘብ ነበር። የማርትሬዛ ጥራት 833 ገደማ ነው፤ ከእሱ የተሠራ አልቦ እውነተኛ ብር ሆኖም 925 አይደርስም። «ኦርጅናል 925 ነው ወላሂ» እያለ የአያት ዘመን አልቦ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ፣ ፈገግ ብላችሁ ወደ ሚቀጥለው እለፉ።

ሁለተኛ፣ የሚፋተገውን ቦታ እዩ። የቀለበት የውስጥ ጠርዝ፣ መስቀሉ ክር የሚገባበት ቀለበት፣ የሐብል መቆለፊያ። ቅብ ቶሎ የሚለቀው እዚያ ነው። ወደ ብርሃን አውጥታችሁ አዟዙሩት። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ከሥሩ ናስ ወይም መዳብ አለ። በነጭ ጨርቅ ስታሹት ጥቁር ቢለቅ መልካም ምልክት ነው፣ ብር አየር ላይ ይጠቁራልና። ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ሆን ተብሎ የሚጠቆር አርቴፊሻል ሞልቷል።

ሦስተኛ ማግኔት። ከተበላሸ ራዲዮ ስፒከር የወጣ ይበቃል። ከሳበው ብር አይደለም፣ አለቀ። (መቆለፊያው ውስጥ ያለች የብረት ሞላ ብቻ ከተሳበች ግን አይቆጠርም።) ካልሳበው ገና ነው፤ ናስም መዳብም አይሳቡም።

የኔ ምርጫ የውሃው ፈተና ነው። ግራምን እስከ ነጥብ የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል። ዕቃውን ደረቁን መዝኑና ጻፉ። ከዚያ ሚዛኑ ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ዕቃውን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡት። ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ፤ የተጣበቀ የአየር አረፋ ካለ አራግፉት። አሁን ሚዛኑ ትንሽ ቁጥር ያሳያል። የመጀመሪያውን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍሉ።

ለምሳሌ ደረቁን 31 ግራም የሆነ አምባር ውሃው ውስጥ 3 ካሳየ፣ ውጤቱ 10.3 ነው። 925 ብር 10.4 አካባቢ፣ የማርትሬዛ ብር 10.2 አካባቢ ይሰጣል። ያው 31 ግራም ናስ ቢሆን ሚዛኑ ወደ 3.6 ይጠጋና ውጤቱ 8.5 አካባቢ ይወርዳል። 11 ካለፈ ደግሞ እርሳስ ተሞልቶበት ይሆናል። ዶቃ፣ ድንጋይ ወይም ክር ያለበትና ውስጡ ባዶ የሆነ ጌጥ በዚህ መንገድ አይለካም። ለስስ ቀለበትም ስህተቱ ይበዛል።

ዋጋው ከበድ ካለ አንጥረኛ ጋ ውሰዱት፤ የማይታይ ቦታ ላይ በሞረድ ጥቂት ፍቆ በአሲድ ያይላችኋል። ፍቁ ጥልቅ ካልሆነ ወፍራም ቅብ ያታልላል፣ ስለዚህ ቆማችሁ እዩት። ሻጩ አላስፈትሽም ካለ፣ የአርቴፊሻል ዋጋ ጥሩለት።

ዋጋ ስትነጋገሩ የብሩን በግራም፣ የእጅ ሥራውን ለብቻ ጠይቁ። ዶቃውና ክሩ አብሮ ከተመዘነ በብር ዋጋ ክር ትገዛላችሁ።