ኮዲንግ በኢንተርኔት የምትማሩ ልጆች፣ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ዛሬ ፕሮግራሚንግ ለመማር ዋናው ችግር ገንዘብ አይደለም። ሲኤስ50 የሚባለው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ በነጻ አለ። ፍሪኮድካምፕ የሚባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሳያስከፍል እያስተማረ ነው። ኢንተርኔት ካገኛችሁ አሜሪካ ያለ ተማሪ የሚያየውን ትምህርት እናንተም ታያላችሁ። ግን ጀማሪዎችን ሳግዝ በተደጋጋሚ የማየው ነገር አለ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ፍላጎቱም አለው፣ ማታ ማታ ዳታ ርካሽ ሲሆን ጠብቆ ያወርዳል፣ ከስድስት ወር በኋላ ስታገኙት ግን ያው የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ያስቀሩት ጥቂት ነገሮች ናቸው፤ ቀድሞ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ ይተዋቸው ነበር።

ኮርስ ማጠራቀም

ቴሌግራም ላይ «40 ጊጋ የፓይተን ኮርስ በነጻ» የሚል ሲያዩ ዘልለው ይገባሉ (ፓይተን ጀማሪዎች የሚወዱት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው)። ስልኩ ላይ አስራ ምናምን ቻናል፣ ላፕቶፑ ላይ የፎልደር መዓት፣ ብሮውዘሩ ላይ ሴቭ የተደረገ ሠላሳ ሊንክ። የተጨረሰ ኮርስ ግን አንድም የለም። ሁሉም ኮርስ ደግሞ የሚጀምረው ከቫሪያብል (ዋጋ ከሚቀመጥበት ስም) ነው። ስለዚህ ኮርስ በቀያየራችሁ ቁጥር ቫሪያብልን ለአራተኛ ጊዜ ትማራላችሁ፣ ፈንክሽን (ስም ተሰጥቶት ደጋግመን የምንጠራው የኮድ ክፍል) ጋ ግን አትደርሱም።

አንዱን ምረጡና ያዙ። ዌብሳይት መሥራት ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ፍሪኮድካምፕ ወይም ሌላው ነጻ ኮርስ፣ ዘ ኦዲን ፕሮጀክት። ኮምፒውተር ሳይንስን ከመሠረቱ ከሆነ ሲኤስ50። ሲኤስ50 በስክራች (ብሎክ በመገጣጠም ኮድ በሚሠራበት ቋንቋ) ይጀምርና ሲ የሚባለው ቋንቋ ላይ ለሳምንታት ያቆያችኋል፤ ፓይተን የሚመጣው «ሳምንት 6» ላይ ነው፣ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ሰባተኛው ማለት ነው። ብዙ ልጅ ሲ ላይ ሲደርስ «ይሄ ምን ይሠራልኛል» ብሎ ይተወዋል። እባካችሁ አትተዉት። ሜሞሪ ምን እንደሆነ በትክክል የሚገባችሁ እዛ ነው፣ የገባችሁ ቀን ደግሞ ሌላው ቋንቋ ሁሉ ይቀላችኋል። ከባድ ነው። ለሁሉም ሰው ከባድ ነው።

ማየትን እንደ መማር መቁጠር

ይሄ ከሁሉም የሚብሰው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የማግዛት አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለች። ስምንት ሰዓት የሚፈጅ የፓይተን ቪዲዮ አይታ ጨርሳለች። ደብተሯን አሳየችኝ፣ እንዴት ያምራል! ርዕሱ በቀይ፣ ኮዱ በሰማያዊ። ከዛ ባዶ ፋይል ከፈትኩና «ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች የሚደምር ኮድ ጻፊልኝ» አልኳት። እጇ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ቪዲዮው ላይ ግን ፎር ሉፕን (አንድን ሥራ የሚደጋግመውን ትዕዛዝ) ሦስት ጊዜ አይታዋለች። ሰውየው ሲጽፍ ገብቷታል። ራሷ ጽፋው ግን አታውቅም ነበር።

ከዛ ቀን በኋላ መንገዱን ቀየርነው። አሥር ደቂቃ ታያለች። ታቆመዋለች። ቪዲዮውን ትዘጋና ያየችውን ኮድ ከጭንቅላቷ ትጽፈዋለች። ሲሠራላት አንድ ነገር ትቀይርበታለች። ለምሳሌ ያቺኑ የድምር ኮድ «10 ከሚሆን ተጠቃሚው ቁጥሩን ይንገረን» ብላ በኢንፑት (ከተጠቃሚው መልስ በሚቀበለው ትዕዛዝ) ሞከረችው። ወዲያው ታይፕ ኤረር (የዳታው ዓይነት አልገጠመም የሚል ስህተት) መጣ። ግማሽ ሰዓት ታገለች። ለካ ፓይተን በኢንፑት የገባውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ነው የሚቀበለው፤ ቁጥር እንዲሆን ኢንት (ወደ ሙሉ ቁጥር የሚቀይር ትዕዛዝ) ውስጥ መግባት አለበት። ይሄን ማንም አልነገራትም፣ ራሷ ናት ያገኘችው፣ አሁንም አልረሳችውም። እኔ ብነግራት ኖሮ በማግስቱ ትረሳው ነበር።

ስለዚህ አንድ ሰዓት ካያችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ጻፉ።

ኮድ ከቴሌግራም ወይም ከፒዲኤፍ ኮፒ ማድረግ

ኮፒ ስታደርጉ እጃችሁ አይለምድም፣ ይሄ የታወቀ ነው። ሌላው ጉዳት ግን ጊዜ ይበላል። ዎርድ እና አንዳንድ ፒዲኤፍ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ወደተጠማዘዘው ይቀይሩታል። በዓይን ሲታይ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ፓይተን ግን የሚያውቀው ቀጥ ያለውን ብቻ ስለሆነ «ሲንታክስ ኤረር፣ ኢንቫሊድ ካራክተር» ይላችኋል። ኮዱ ትክክል ነው፣ ፊደሉ ትክክል ነው፣ ምልክቷ ግን ሌላ ናት። አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት ፓይተንን አጥፍቶ ሁለት ጊዜ እንደገና ጭኗል፣ ዳታውን ጨርሶ!

የእኛ ኪቦርድም የራሱ ጣጣ አለው። በአማርኛ ቻት ስታደርጉ ቆይታችሁ ሳትቀይሩት ኮድ ከጀመራችሁ፣ በኮለን «:» ፋንታ የአማርኛዋ ሁለት ነጥብ «፡» ልትገባ ትችላለች። ሁለቱ መንታ ነው የሚመስሉት። ኤረሩ የሚያሳየውን መስመር አጥፍታችሁ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ እንደገና ጻፉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል።

ዓመተ ምሕረቱን አለማየት

የድሮ ቪዲዮ ላይ መምህሩ ፕሪንት (ውጤትን ስክሪን ላይ የሚያወጣው ትዕዛዝ) ብሎ ያለ ቅንፍ ይጽፋል፣ ለሱ ይሠራል፣ ለእናንተ አይሠራም። ያ ፓይተን 2 ነው። ድጋፉ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 ነው። እናንተ የጫናችሁት ፓይተን 3 ነው፣ ፕሪንት ደግሞ ቅንፍ ይፈልጋል። ኮርስ ከመጀመራችሁ በፊት መቼ እንደተቀዳና በየትኛው ቨርዥን እንደሆነ እዩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ኤረሩን ሳያነቡ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ መላክ

«ወንድሞች አይሠራም፣ እርዱኝ»። ከሥር ደግሞ በስልክ የተነሳ፣ ግማሹ የደበዘዘ የስክሪን ፎቶ። ማንም ሊመልስላችሁ አይችልም፣ ስላልፈለገ ሳይሆን ምንም ስለማይታየው ነው።

ቀዩ ጽሑፍ ሲመጣ አትደንግጡ። ፓይተን ላይ ንባቡን ከታች ጀምሩ። የመጨረሻው መስመር ምን ዓይነት ስህተት እንደሆነ ይናገራል፣ ከሱ ከፍ ብሎ ደግሞ የመስመሩ ቁጥር አለ። ኔም ኤረር ካለ፣ የጠራችሁትን ስም አያውቀውም ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፊደል ገድፋችኋል። ከፓይተን 3.10 ወዲህማ ተቀራራቢ ስም ካገኘ «ይሄን ለማለት ፈልገህ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ይሄንን አንብባችሁ ካልሆነ፣ ያንኑ የመጨረሻ መስመር ጎግል ላይ አስገቡት። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ስታክ ኦቨርፍሎው በሚባለው የፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ላይ የተጠራቀመ መልስ አለ፤ የጀማሪ ጥያቄ ከሆነ ሌላ ሰው ጠይቆት ተመልሶለታል። እዛም ካጣችሁ ጠይቁ፤ ስትጠይቁ ግን ኮዱን በጽሑፍ፣ ኤረሩን ሙሉውን፣ ምን እንደጠበቃችሁና ምን እንደሞከራችሁ ጨምራችሁ ላኩ።

ቻትጂፒቲን ማሠራት

አትጠቀሙ አልልም፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን አሳይመንቱን ሰጥታችሁት መልሱን ገልብጣችሁ ካስገባችሁ የተማረው ማን ነው? ፈተና ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ስትቀመጡ ይታወቃል። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ራሳችሁ ታገሉ። ከዛ «ጻፍልኝ» በማለት ፋንታ «ይሄ መስመር ለምን ስህተት ሆነ? ኮድ አትስጠኝ፣ ፍንጭ ብቻ» በሉት። ሲኤስ50 የራሱ ኤአይ ረዳት አለው፣ የተሠራው ተማሪውን እንዲመራ እንጂ መልሱን እንዲዘረግፍ አይደለም። ስታክ ኦቨርፍሎው ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በቻትጂፒቲ የተጻፉ መልሶችን ከልክሏል፤ ምክንያቱ መልሶቹ ትክክል እየመሰሉ ብዙ ጊዜ ስህተት መሆናቸው ነበር። ጀማሪ ደግሞ የሚመስለውን ከሆነው መለየት ገና አይችልም።

ዶክመንቴሽንን መፍራት

ዶክመንቴሽን ማለት የቋንቋው ወይም የመሣሪያው ይፋዊ መመሪያ ጽሑፍ ነው። እንግሊዝኛው ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ግን ቃላቱ ተደጋጋሚ ናቸው፤ ሁለት ሳምንት ከታገላችሁ ይለመዳል። ለዌብ ኤምዲኤን የሚባለውን የማጣቀሻ ድረ ገጽ፣ ለፓይተን ደግሞ ከራሱ ከፓይተን ድረ ገጽ ቱቶሪያሉን አንብቡ። ለእኛ ሀገር ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። ጽሑፍ ዳታ አይበላም። የፓይተን ዶክመንቴሽን ሙሉው ይወርዳል፣ የብዙ ቋንቋዎችን መመሪያ የሚሰበስበው ዴቭዶክስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ድረ ገጽን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ኪዊክስ ላይ ደግሞ ስታክ ኦቨርፍሎውን ራሱን አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል። ፋይሉ ግን ትልቅ ነው፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት። ኔትወርክ የጠፋ ቀን ታመሰግኑኛላችሁ።

ሰርተፍኬት ማሳደድ

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነጻ ያስተምራል፣ ሰርተፍኬትም ይሰጣል። ጥሩ ነው፣ ተመዝገቡ። ጥያቄዎቹን ከቴሌግራም በተለቀቀ መልስ ሞልቶ ሰርተፍኬት ማውጣት ግን ራስን መሸወድ ነው። ሲኤስ50ም ሥራውን ለጨረሰ የራሱን ሰርተፍኬት በነጻ ይሰጣል፤ የሚከፈልበት ኢዴክስ በሚባለው የኦንላይን ኮርስ ድረ ገጽ በኩል የሚመጣው ነው። ይሄን ሳያውቁ የሚከፍሉ አሉ። ቀጣሪ የሚጠይቃችሁ «ምን ሠራህ?» ብሎ ነው። ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበትና ለሰው የሚታይበት ድረ ገጽ) ላይ የእድር መዋጮ የሚመዘግብ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ቢኖራችሁ፣ ለዚያ ጥያቄ መልስ አላችሁ።

ላፕቶፕ እስክገዛ ብሎ መቀመጥ

አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ፒድሮይድ 3 የሚባለውን አፕ ጫኑ። ፓይተን እዛው ስልኩ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በእርግጥ በስልክ ኪቦርድ ኮድ መጻፍ ጣት ያደክማል። ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ ካገኛችሁ በኦቲጂ ገመድ (ዩኤስቢን ከስልክ ጋር በሚያገናኝ አጭር ገመድ) ስልኩ ላይ ይሰካል፤ ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፋችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።