ጌሙ ቶሎ እጅ እጅ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ውስጥ ለሰፈራችን ልጆች የሒሳብ ጌም እሠራለሁ። የጌም ብልሽት ከኮዱ በፊት የሚታየው ልጆቹ ፊት ላይ ነው።

ችግር፦ ልጁ ጥያቄውን ሳያነብ ይጫናል

የመጀመሪያው ጌሜ የመኪና ውድድር ነበር። መኪናው ትንሽ ይሄድና ይቆማል፣ የክፍልፋይ ጥያቄ ይመጣል። አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ጥያቄውን ዞር ብላም አላየችው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ በተራ ትጫናለች። አንዱ ይከፍትላታል፣ ትነዳለች። አልፈረድኩባትም። ጥያቄው ኬላ ነው፣ ኬላ ላይ ደግሞ መቆም የሚወድ የለም።

መንስኤው ጨዋታውና ትምህርቱ አለመተዋወቃቸው ነው። መፍትሄው ሒሳቡን ራሱን ጨዋታ ማድረግ። መኪናውን ጣልኩትና ልጅቷን ቡና ነጋዴ አደረግኋት። ደንበኛ ይመጣል፣ «ሩብ ኪሎ» ይላል፣ እሷ ትመዝናለች። ስታበዛ ሚዛኑ ያጋድላል፣ ትቀንሳለች። «ተሳስተሻል» የሚል ቀይ ምልክት የለም፤ ሚዛኑ ነግሯታል።

ችግር፦ አንዱ ያዛጋል፣ ሌላው ይሸሻል

ለሁሉም እኩል የሚከብድ ጥያቄ ስለሰጠን ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ቺክሰንትሚሃይ እንዳለው፣ ሥራው ከችሎታ ሲያንስ ይሰለቻል፣ ሲበልጥ ያስጨንቃል። የእኔ ጌም ሦስት ደንበኛ በትክክል ለሸኘ ልጅ ፈረሱላ የሚጠይቅ ደንበኛ ያመጣል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ለሁለትም ለሦስትም ለአራትም ያለ ቀሪ አይካፈልም። ሁለቴ ለተሳሳተ ወደ ግማሽ ኪሎ ይመለሳል። ያቺ ልጅ «ሲሶ ፈረሱላ» የሚል ደንበኛ ሲመጣባት «ውይ!» አለችና ወረቀት ጠየቀችኝ።

ችግር፦ የሽልማት ኮከብ ከሌለ አይነኩትም

ይህን ራሳችን ነን ያስለመድናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣ ጥናት፣ መሳል የሚወዱ ሕፃናት ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው ከሳሉ በኋላ በራሳቸው ፍላጎት የሚስሉት ቀነሰ። ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ስለዚህ ኮከቡን ተውኩት። በምትኩ ሳያስቡት አዲስ ደንበኛ ብቅ ይላል፤ አንዱ ነገረኛ ነው፣ እሱን ይወዱታል።

የቀሩት ቀላል ናቸው። መመሪያው በድምፅ ብቻ ከሆነ ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አይሰማም፤ ጽሑፍም ጨምሩ። ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ ሒሳቡ ሳይሆን አማርኛው ሊያቆመው ይችላል፤ የቋንቋ ምርጫውን መጀመሪያ ገጽ ላይ አድርጉት። መብራት ደግሞ ያው መብራት ነው፤ ጌሙ ከእያንዳንዱ ደንበኛ በኋላ ራሱ ሴቭ ያድርግ።