የብስክሌት ሀብ እንዴት ይመረጣል?

የኋላ ጎማዎ ወዲያና ወዲህ የሚወላገድ ከሆነ፣ ሲሽከረከርም የሚንኳኳ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሀቡ ነው። ሀብ የጎማው መሃል ነው፤ ሽቦዎቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበት፣ አክስሉና ኩሽኔታው ያለበት። ሱቅ ገብተው ዝም ብለው «ሀብ ስጡኝ» ካሉ የሚያብረቀርቀው ይወጣልዎታል። ስለዚህ ቤት የሚያልቅ ሥራ አለ።

1. ሜትር ያንሱ

ጎማውን አውጥተው አክስሉ የሚገባባቸውን ሁለቱን የፍሬም ጫፎች በውስጥ በኩል ይለኩ። የፊቱ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሚሊሜትር ነው። የኋላው ይለያያል። የድሮ የእሽቅድድም ብስክሌት 126፣ ከዚያ ወዲህ የመጣው 130፣ ማውንቴን ባይክ 135። አክስሉ ወፍራም ሆኖ ራሱ ፍሬሙ ላይ የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ 142 ወይም 148 ነው። የብረት ፍሬም ከ126 ወደ 130 ቢለጠጥ ይችለዋል። አሉሚኒየምና ካርቦን ላይ ግን እንዳይሞክሩት።

የቸርኬውንም ቀዳዳ ይቁጠሩ። 28፣ 32 ወይም 36 ነው፤ የሀቡም ቁጥር ያው መሆን አለበት። ኋላ ላይ ዕቃ የሚጭን ሰው 36ቱን ይያዝ።

2. ፍሪዊል ወይስ ካሴት?

ጭቅጭቁ ሁሉ እዚህ ጋ ነው። በፍሪዊል ማርሾቹና የሚንቀጫቀጨው ክፍል (መርገጥ ሲያቆሙ ጎማው ብቻውን እንዲዞር የሚያደርገው) አንድ ላይ ሆነው ሀቡ ላይ ይጠመዘዛሉ። በካሴት ግን የሚንቀጫቀጨው ክፍል የሀቡ አካል ነው፤ ማርሾቹ ብቻ እላዩ ላይ ይሰካሉ። የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ ይህን ዓይነቱን ሀብ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? ፍሪዊል ላይ የቀኙ ኩሽኔታ ከማርሾቹ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው ያለው። ከእሱ እስከ ፍሬሙ ያለው አክስል ምንም ደጋፊ የለውም። ማርሹ 7 ሲሆን ይህ ባዶ ርቀት ይረዝማል። ከዚያ ክብደት ያለው ሰው ይወጣበትና የአዲስ አበባ ጉድጓድ ውስጥ ዘፍ ይላል። አክስሉ ይጣመማል፣ ሲብስም ይሰበራል። በካሴት ሀብ ኩሽኔታው ወደ ጫፍ ስለወጣ ይህ ጣጣ በጣም ይቀንሳል። ለእኔ ይሄ ብቻውን ለካሴት ተጨማሪ ብር ያስከፍላል።

የእርስዎን ለመለየት ማርሾቹን ወደ ኋላ ያሽከርክሩ። መሃል ላይ መፍቻው የሚገባበትን ጥርስ ይመልከቱ። አብሮ ከዞረ ካሴት ነው፤ ማርሾቹ እየዞሩ እሱ ከቆመ ፍሪዊል።

3. ኩሽኔታው

ሁለት ዓይነት ነው፤ ብትን ኳስ ያለውና ድፍኑ። ብትኑን ብዙ ሰው እንደ ርካሽ ያየዋል። እኔ ግን እወደዋለሁ። የኋላው አብዛኛውን ጊዜ በየጎኑ 9 ኳስ፣ የፊቱ 10 አነስ ያሉ ኳሶች አሉት። ፈትተው፣ በጋዝ አጥበው፣ ግሪስ ሞልተው ይመልሱታል። የሚያስፈልገው ቀጭን ቁልፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለፊት 13፣ ለኋላ 15 ቁጥር። በእጅ የሚከፈት መቆለፊያ ያለው ጎማ ከሆነ ሲያጠብቁት በጣም ጥቂት ይላላ። መቆለፊያው ሲጨመቅ ያቺ ልል ትጠፋለች። አስቀድመው ጥርቅም አድርገው ካጠበቁት ኳሶቹ ይጎዳሉ።

አንድ ነገር ግን ይወቁ። ግሪሱ ደርቆ ዝም ከተባለ ኳሶቹ የሚቀመጡበትን ሳህን ይቦረቡሩታል። ኳሱ ይቀየራል፣ አክስሉ ላይ ተጠምዝዞ ኳሶቹን ከጎን የሚይዘው ኮንም ይቀየራል። ሳህኑ ግን ብዙውን ጊዜ የሀቡ አካል ስለሆነ ሀቡ ያበቃለታል።

ድፍኑ እንክብካቤ አይፈልግም፤ ሲያልቅ አውጥቶ አዲስ መክተት ነው። ጎኑ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። ለምሳሌ 6001 ከሆነ የማሽን ኩሽኔታ የሚሸጥበት ሱቅም ይገኛል። ሲከቱ የውጩን ቀለበት ብቻ ይግፉ፤ የውስጡን ከመቱ አዲሱ ኩሽኔታ ሳይሠራ ይበላሻል። ጥሩ መካኒክ አጠገብዎ ከሌለ፣ እርስዎም መፍታት ካልወደዱ፣ ድፍኑ ይሻልዎታል።

4. ፍሬኑ

ዲስክ ከሆነ ባለ 6 ቡሎኑን ይምረጡ፤ ዲስኩ በቀላሉ ይገኛል። ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው ሀብ እንደ ባሕር ዳር ላለ ሜዳ ከተማ ግሩም ነው፤ ገመድ የለው፣ ጣጣ የለው። ለረጅም ቁልቁለት ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚህ ሀብ ተራራ ሲወርዱ ይሽቀዳደሙ የነበሩ ልጆች ግሪሱ እየተቃጠለ ከውድድሩ በኋላ እንደገና ይሞሉት ነበር። ከእንጦጦ የሚወርድ ሰው ይህን ያስብ። ሰንሰለቱ ከወለቀ ደግሞ ፍሬን የሚባል የለም፤ ስለዚህ የፊት ፍሬን የግድ ነው።

5. ሲገዙ

አሮጌውን ጎማ ይዘው ይሂዱ። ያገለገለ ሀብ ከሆነ አክስሉን በሁለት ጣት ቀስ ብለው ያዙሩት። አሸዋ እንዳለበት ከከረከረ ውስጡ ተበልቷል። ጫፉን እያዩ ያዙሩት፤ ክብ እየሠራ ከተወዛወዘ ተጣሟል፣ ይተዉት። የአዲሱ ሀብ ክንፍ፣ ማለትም ሽቦዎቹ የሚሰኩበት ክብ፣ ከአሮጌው ከሰፋ ወይም ከጠበበ የድሮ ሽቦዎችዎ ልክ አይመጡም። ሒሳቡን ሲሠሩ የሽቦና የእጅ ዋጋም ይጨምሩበት።