ሳይክል ላይ ሆናችሁ ውሻ ቢሮጥባችሁ

ቀኝ ጉልበቴ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያላት ጠባሳ አለች። የሚያያት ሁሉ ውሻ የነከሰኝ ይመስለዋል። አልነከሰኝም። ጎንደር ውስጥ፣ ከማራኪ ሰፈር ወረድ ብሎ አንድ የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከአንድ ግቢ በር ሥር አንድ ቡላ ውሻ ሾልኮ ወጣብኝ። ደንግጬ በእግሬ ልመታው ስወራጭ የፊት ጎማዬ ድንጋዮቹ መሀል ተንሸራተተ። እኔ አንድ ቦታ፣ ሳይክሉ ሌላ ቦታ። ውሻው ቆሞ ያየኛል፤ እሱም ግራ ገብቶታል። የቤቱ እናት ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡና፣

«ውይ ልጄ! እሱ እኮ አይናከስም!»

«እማማ፣ ለእኔ ማን ነገረኝ?» አልኳቸው፣ ደሜን እየጠረግሁ።

እውነታቸውን ነበር። የጣለኝ የራሴ እግር ነው። ከዚያ ወዲህ ከፒያሳ አዘዞ እየተመላለስሁ የተማርኩትን ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ፦ ሰዓቱንና ቦታውን እወቁ

የከተማ ውሻ ቀን ቀን ሰነፍ ነው። የቆመ ባጃጅ ጥላ ሥር ተዘርግቶ ይተኛል፤ በአፍንጫው ሥር ብታልፉም ዓይኑን አይገልጥም። ያው ውሻ ሌሊትና ማለዳ ሌላ ፍጡር ነው። በተለይ ዳር ዳር ባሉት ሰፈሮች ሌሊቱን ጅብ ሲመጣ ሲሄድ ነው የሚያድረው፤ ውሻውም ሲጮህ አድሮ ገና ንዴቱ ሳይበርድ እናንተ ትደርሳላችሁ። ስለዚህ ፀሐይ ወጣ እስክትል ጠብቆ መነሳት ብቻውን ግማሹን ችግር ያቃልላል።

ሥጋ ቤቶች አካባቢ በቡድን ይሰበሰባሉ። እኔ እንዳየሁት ዐቢይ ጾም ላይ ይብሳሉ፤ ሥጋ ቤቱ ለ55 ቀን ተዘግቶ እነሱም ሳይወዱ ይጾማሉ። አንድ ውሻ ብቻውን ሲሆን ያመነታል፣ አምስት ሲሆኑ ግን አንዱ ሌላውን ያደፋፍራል። ብዙ ሆነው ካየኋቸው ሳላፍር መንገድ እቀይራለሁ።

ዝግጅቱ ብዙ አይደለም። ፍሬናችሁ የሚይዝ ይሁን። የሱሪያችሁ ጫፍ እንዳይርገበገብ ካልሲ ውስጥ ክተቱት፤ የሚርገበገብ ነገር ውሻን ይጠራዋል። ሲጨመቅ ውኃ የሚረጭ ኮዳ እጃችሁ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ይኑር። የቴታነስ ክትባት ከተከተባችሁ ስንት ዓመት እንደሆናችሁም አስቡ።

ከሩቅ ስታዩት

ፔዳል መምታቱን ቀነስ አድርጉና ውሻውን አጥኑት። ቆሞ የሚጮኸው በአብዛኛው «ይሄ የእኔ በር ነው» እያለ ነው። «የሚጮህ ውሻ አይናከስም» የሚለውን ተረት ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ጮሆ ጮሆ የሚነክስም አለ። ተረቱ የሚጠቅመው ሲገለበጥ ነው፦ ሳይጮህ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል በቀጥታ የሚመጣውን ፍሩ።

ከተቻለ ወደ መንገዱ ሌላኛው ጠርዝ ውጡ። መጀመሪያ ግን ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ እዩ። ከውሻ ሸሽቶ ሚኒባስ ሥር መግባት ትርፉ ምንድን ነው?

መሮጥ ሲጀምር

ልብ በሉ፣ ውሻ ጠላቱ ሳይክል አይደለም። የሚሮጥ ነገር ያባርራል፤ ተፈጥሮው ነው። ጤነኛ ውሻ ለአጭር ርቀት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል። እኛ ደልዳላ አስፋልት ላይ 20 ከነዳን ጎበዝ ነን። ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስንወጣ ውሻው ቀርቶ የትምህርት ቤት ልጆች በእግር ይቀድሙናል። ውድድሩ ገና ሳይጀመር ተሸንፈናል ማለት ነው።

ስለዚህ አትፈትለኩ። ሁለቱንም እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ፣ ቀጥ ብላችሁ ንዱ፣ ቀስ በቀስ ፍጥነት ቀንሱ። በእግር መምታት ክልክል ነው፤ ምስክሩ ጉልበቴ ነው። እግራችሁ ፔዳሉን ሲለቅ ሚዛናችሁ ይሄዳል፣ ለውሻውም ባታችሁን ወደ አፉ ማቅረብ ይሆናል። ወደ እሱ አቅጣጫ ማጠፍም አያዋጣም። ፊት ጎማ ሥር የገባ ውሻ ሁለታችሁንም ይጎዳል።

ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይለያል። ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚያወርደው መንገድ ፍጥነት ይዛችሁ ከሆነ፣ ውሻውም ከጎን እንጂ ከፊት ካልመጣ፣ ዝም ብላችሁ እለፉት። ክልሉን እንዳለፋችሁ ይተዋችኋል፤ ብዙዎቹ ከራሳቸው በር ብዙም አይርቁም።

መውረድ

አቀበት ላይ ወይም ኮብልስቶን ላይ ከሆናችሁ ውረዱ። ፈሪ ያሰኛል ብላችሁ አትጨነቁ። ከውሻው በተቃራኒ በኩል ውረዱና ሳይክሉን በመሀላችሁ አጥር አድርጉት። ውሻው ሲዞር ሳይክሉን ይዛችሁ አብራችሁ ዙሩ። አሁን የሚሮጥ ነገር የለም። ቆሞ የሚያየው ተራ ሰው ነው ያለው፣ ጎማ ያለው አጥር የያዘ። ያኔ አብዛኞቹ ድምፃቸውን ቀንሰው ጥቂት ጮኸው ይመለሳሉ።

እሱ ካልበቃ የአገራችን ውሻ ሁሉ የሚያውቀው ቋንቋ አለ፦ ጎንበስ ማለት። ድንጋይ እንደምታነሱ ሁኑ። መሬት ላይ ድንጋይ መኖሩ አስፈላጊ አይደለም። እጃችሁ መሬት ሊነካ ሲል ውሻው ጆሮውን አጥፎ ሁለት ሦስት እርምጃ ያፈገፍጋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ያንን እንቅስቃሴ ምን እንደሚከተለው ያውቃል፣ ምስኪን። መወርወር ግን አያስፈልግም። የተመታ ውሻ ነገ ሳይክል ሲያይ ያስታውሳል፤ ነገ የምታልፉት ደግሞ እናንተው ናችሁ። አንድ ጥንቃቄ፦ ከሳይክሉ ሳትወርዱ አትጎንበሱ፤ ስትጎነበሱም ጀርባ አትስጡት።

ድምፃችሁ ወፍራምና አጭር ይሁን። «ሂድ!» በቂ ነው። ጩኸትና ሳቅ ያነሳሳዋል። ይህም ካልሆነ ውኃውን ፊቱ ላይ ርጩበት። በቆመበት ሲያነጥስ እናንተ ሳይክሉን እየገፋችሁ፣ ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ፣ በዝግታ ራቁ። ተመልሳችሁ የምትወጡት እሱ ሲተዋችሁ ነው።

የእረኛ ውሻ

ከአዘዞ አልፋችሁ ወደ ጠዳ ስትወጡ የምታገኙት ውሻ የመንጋ ጠባቂ ነው። ይሄ በጎንበስ አይሸሽም፤ ሥራ ላይ ነው። በጎቹንና እናንተን ለመለያየት ነው የሚመጣው። ቁሙ፣ በጎቹ ይለፉ፣ እረኛውን ጥሩ። አጠራሩ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እኔ አንድ ቀን «አንተ ልጅ፣ ያዝ! ያዘው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ለልጁ ነበር ያልኩት። ውሻው ግን «ያዝ!» የሚለውን ከእኔ በፊት ያውቀዋል፤ ለእሱ የታዘዘ መስሎት ባሰበት። ልጁ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። አሁን «ማሙሽ፣ ውሻህን ጥራልኝ» ነው የምለው።

ከነከሳችሁ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ታማሚው ይሞታል ማለት ይቻላል። በጊዜ ክትባት ከተጀመረ ግን መከላከል ይቻላል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ «ሳምንት አለፈኝ፣ ደህና ነኝ» አይሠራም።

እዚያው በቅርብ ያለ ቤት አንኳኩና ውኃና ሳሙና ጠይቁ። ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ እጅ ይደክማል፣ ሰው «በቃ ጠራ» ይላችኋል። ሰዓት እያያችሁ ቀጥሉ። ቡና፣ ቅቤ፣ ቅጠል አታድርጉበት። ጥርሱ ቆዳ ቧጥጦ ብቻ ቢያልፍም፣ ምራቁ ቁስል ላይ ቢያርፍም ያው እንደ ንክሻ ቁጠሩት።

ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። የሄዳችሁበት ክትባቱ ከሌለ የት እንዳለ ጠይቃችሁ ቀጥሉ እንጂ ወደ ቤት አትመለሱ። አንድ መርፌ አይበቃም። እንደ ክትባቱ ዓይነት ይለያያል፤ የተለመደው የመጀመሪያውን ቀን ዜሮ ብሎ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን መመላለስ ነው፤ 28ኛ ቀን የሚጨመርበትም አለ። ቁስሉ ከደማ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ተጨማሪ መድኃኒት ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል። ጸበል መሄድ ለምትፈልጉ፣ ተወግታችሁ ሂዱ። ቀጠሮውን ግን እንዳታጎድሉ።

ውሻውን ገድሎ መጣል ትልቅ ስህተት ነው። ባለቤት ካለው ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ፤ በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ ቀሪውን መርፌ ሊያስቆም ይችላል። ውሳኔው ግን የእሱ ነው፣ የእናንተ አይደለም። ክትባቱን መጀመርም 10 ቀኑን አይጠብቅም። ለሀጩ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የወደቀ፣ የሚንገዳገድ ወይም እንጨትና ድንጋይ የሚነክስ ውሻ ካያችሁ ለቀበሌው ወይም ለእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ንገሩ፤ ራሳችሁ አትጠጉት።

ባለቤቱ «ውሻ ነው፣ ምን ላርገው» ካላችሁ ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2071፣ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆን እንኳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ይህን በትሕትና ነው የሚነግሩት፣ ጎረቤት ነውና።

በየቀኑ የምታልፉት ውሻ

መንገዳችሁ ላይ አንድ የታወቀ አስቸጋሪ ካለ መተዋወቅ ይሻላል። ባለቤቱ ባለበት ሰዓት ከሳይክል ወርዳችሁ እለፉ። ስሙን ጠይቁ። ስሙን ካላወቃችሁ «ቦቢ» ብላችሁ ሞክሩ፤ ጎንደር ውስጥ ስንቱ ቦቢ እንደሆነ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። የማራኪዋን እማማ ይቅርታ ጠይቄ ለሁለት ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት በእግሬ እየገፋሁ፣ ቁራሽ ዳቦ እየጣልኩ አለፍኩ። መከተቡንም ጠየቅኋቸው፤ ካርዱን ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ። ያ ቡላ ውሻ አሁን የሳይክሌን ካቴና ድምፅ ለይቶ ያውቀዋል። በሩ ሥር እንደተኛ አንድ ጆሮውን ብቻ ያነሳና መልሶ ይጥላታል።