ኢ ድራይቭ የቆመው ምን ላይ ነው? ቨርቹዋል ዲስክን ከእውነተኛው በኮድ መለየት

ኮምፒውተሩ ላይ ሲ፣ ዲ እና ኢ የሚባሉ ድራይቮች ይታያሉ። ሦስት ዲስክ አለ ማለት ግን አይደለም። ዲ የአንዱ ዲስክ ሌላ ክፋይ ሊሆን ይችላል። ኢ ደግሞ ሲ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ሊሆን ይችላል፤ ዊንዶውስ ከፍቶ እንደ ዲስክ ያሳየዋል። ለተጠቃሚው ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ለፕሮግራማችሁ ግን አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ለመድኃኒት ቤቶች እና ለሂሳብ ቢሮዎች የባክአፕ ፕሮግራም እጽፋለሁ። መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ያረጀ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ይህን ብዙ አይችለውም። አንድ የሂሳብ ቢሮ ተጠርቼ ስሄድ ዲስኩ ሞቶ ነበር። የቢሮው ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው። «ባክአፕማ አለኮ ልጄ፣ ኢ ላይ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቀድሞ የተገጠመላቸው ፕሮግራም ማታ ማታ ኢ ላይ ሲገለብጥ ኖሯል። ኢ ግን እዚያው ሲ ላይ የተቀመጠ የቪኤችዲ ፋይል ነበር፤ ቪኤችዲ ማለት ያ ዊንዶውስ እንደ ዲስክ የሚከፍተው ፋይል ነው። ዲስኩ ሲሞት የዓመታት ሂሳብም ባክአፑም አብረው ሄዱ።

ያ ፕሮግራም ኢ መኖሩን አይቷል። ባዶ ቦታ መኖሩንም አይቷል። ያላየው ኢ ምን ላይ እንደቆመ ነው። ስለዚህ «ይህ ድራይቭ ቨርቹዋል ነው ወይ?» ብላችሁ አታቁሙ። የሚጠቅመው ጥያቄ «ከሥሩ ያለው የትኛው ዲስክ ነው?» የሚለው ነው። ሰው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ የቪኤችዲ ፋይል ፈጥሮ ባክአፑን እዚያ ቢያስቀምጥ ምንም ችግር የለውም። ቨርቹዋል መሆኑ በራሱ ጥፋት አይደለም።

ከዚህ በታች የፋንክሽኖቹን ስም እንደሚነበቡት እጽፋቸዋለሁ።

ዊንዶውስ ላይ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ፋንክሽን ጌት ድራይቭ ታይፕ ነው። ቁጥር ይመልሳል፦ 2 ተነቃይ፣ 3 ቋሚ፣ 4 የኔትወርክ፣ 5 ሲዲ፣ 6 ራም ዲስክ። ለእኛ ጉዳይ ግን አይበቃም። ማውንት የተደረገ (እንደ ድራይቭ የተከፈተ) ቪኤችዲ 3 ይላል፤ ልክ እንደ እውነተኛው ዲስክ። የአይኤስኦ (የሲዲ ቅጂ) ፋይል ስትከፍቱ 5 ይላል፤ ኮምፒውተሩ የሲዲ ማጫወቻ ባይኖረውም። በዩኤስቢ የተሰካ ውጫዊ ሃርድ ዲስክም ብዙውን ጊዜ 3 ነው የሚለው፤ 2 የሚለው ፍላሽ ነው። የኔትወርኩን እና የሲዲውን ለማጣራት ተጠቀሙበት፤ ከዚያ በላይ አትመኑት።

ቀጥሎ ኩዌሪ ዶስ ዲቫይስ አለ። የድራይቩን ፊደል ከሁለት ነጥብ ምልክቱ ጋር ስጡት፤ መጨረሻው ላይ ያዘመመ መስመር አትጨምሩ። ከፊደሉ ጀርባ ያለውን የውስጥ ስም ይነግራችኋል። ተራ ክፋይ ከሆነ «ሃርድዲስክ ቮልዩም» ከቁጥር ጋር ይመጣል። የኔትወርክ ከሆነ «ላንማን ሪዳይሬክተር» የሚል ስም ታያላችሁ። ቬራክሪፕት በሚባለው የዲስክ ማመስጠሪያ ፕሮግራም የተከፈተ ከሆነ ቬራክሪፕት ራሱ ስሙ ላይ ይወጣል። ሰበስት በሚባለው ትእዛዝ የተሠራ ከሆነ ደግሞ መልሱ «\??\» ብሎ ይጀምርና የፎልደር አድራሻ ያስከትላል። ይህ ዲስክ አይደለም፤ ለአንድ ፎልደር የተሰጠ ሌላ ፊደል ነው። አራቱን ምልክቶች ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ቀጥሎ ያለውን ፊደል ያዙና ከእሱ ጀምራችሁ እንደገና ጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰበስት የሚሠራው ፊደል የዚያ ተጠቃሚ ሎግኢን ብቻ ነው። ፕሮግራማችሁ እንደ ሰርቪስ በሲስተም አካውንት የሚሮጥ ከሆነ ፊደሉን ጭራሽ አያየውም። ተጠቃሚው «ይኸው አለ» ይላችኋል፤ ሰርቪሱ «የለም» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ዋናው ሥራ ግን ዲስኩን ራሱን መጠየቅ ነው። ክሪኤት ፋይል በሚባለው ፋንክሽን ድራይቩን ክፈቱ፤ አድራሻው «\\.\» ብሎ ፊደሉንና ሁለት ነጥቡን ያስከትላል። የመዳረሻ ፈቃዱን 0 አድርጉት። የምትፈልጉት ማንበብም መጻፍም ሳይሆን መጠየቅ ብቻ ስለሆነ 0 ይበቃል፤ የአድሚን ፈቃድም አያስፈልግም። ብዙ ሰው እዚህ የማንበብ ፈቃድ ይጠይቅና «ተከልክለሃል» ሲባል ሙሉ ፕሮግራሙን በአድሚን ያስሮጣል። አያስፈልግም።

ከዚያ ዲቫይስ አይኦ ኮንትሮልን ጥሩ፤ ትእዛዙ አይኦሲቲኤል ስቶሬጅ ኩዌሪ ፕሮፐርቲ ነው። የጥያቄውን ስትራክት በዜሮ ሙሉት፤ የምንፈልጋቸው ሁለቱ ምርጫዎች ዋጋቸው 0 ስለሆነ ሌላ መሙላት አይጠበቅባችሁም። ለመልሱ 1024 ባይት አዘጋጁ። በመልሱ ውስጥ ባስ ታይፕ የሚል ቁጥር አለ፤ ዲስኩ በምን ዓይነት መንገድ እንደተያያዘ ይናገራል። 7 ዩኤስቢ ነው፣ 11 ሳታ፣ 17 ኤንቪኤምኢ። 14 ቨርቹዋል ነው። 15 ደግሞ ከፋይል የተሠራ ቨርቹዋል ዲስክ ነው፤ የሂሳብ ቢሮውን ያጠፋው ዓይነት። 16 ካያችሁ ዊንዶውስ ብዙ ዲስኮችን አንድ ላይ ያዋሃደበት ስቶሬጅ ስፔስስ ነው፤ ከሥሩ እውነተኛ ዲስኮች አሉ።

8 ቁጥር ሬድ ማለት ነው፤ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ ዘዴ። ይህን ብቻ አይታችሁ ድራይቩን አትጣሉት። አንዳንድ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ የኢንቴል ሬድ በባዮሳቸው ተከፍቶ ነው የሚመጡት፤ አንድ ተራ ኤስኤስዲ ብቻ ቢኖራቸውም 8 ይላሉ።

በዚያው መልስ ውስጥ የአምራቹና የምርቱ ስም አለ። የሚመጣው ግን ስሙ ሳይሆን ስሙ የሚጀምርበት ቦታ ነው፤ ከመልሱ መጀመሪያ ተቆጥሮ። ያ ቁጥር 0 ከሆነ ስም የለም ማለት ነው፤ እዚያ ሄዳችሁ አታንብቡ። ስሙን ሎግ ላይ መዝግቡት። ምክንያቱም አንዳንድ የኢሜጅ መክፈቻ ፕሮግራሞች ራሳቸውን እንደ ስካዚ ዲስክ ነው የሚያቀርቡት፤ ባስ ታይፑ 1 ይልና ስሙ ላይ ግን «ቨርቹዋል» የሚል ቃል ታገኛላችሁ።

ጥያቄው ካልተመለሰስ? ድራይቩን «ያልታወቀ» በሉት። «እውነተኛ» አትበሉት። በባክአፕ ሥራ ያልታወቀ ነገር አይታመንም።

ፋይሉ የት ነው ያለው?

15 ካገኛችሁ ሥራው አላለቀም፤ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ማወቅ አለባችሁ። ለዚህ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ጌት ስቶሬጅ ዲፔንደንሲ ኢንፎርሜሽን የሚባል ፋንክሽን አለ፤ የሚገኘው ቨርትዲስክ በሚባለው ላይብረሪ ውስጥ ነው። ስትራክቱ ላይ ቨርዥን 2 በሉ፤ ፍላጉ ላይ የአስተናጋጁን ቮልዩሞች፣ ማለትም ፋይሉን የያዙትን ክፋዮች፣ ጠይቁ። ፋይሉ ያለበትን ቮልዩም ስም እና በዚያ ቮልዩም ውስጥ ያለውን አድራሻ ይመልስላችኋል። አንዱ ቪኤችዲ በሌላ ቪኤችዲ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ከአንድ በላይ መልስ ይመጣል፤ ሁሉንም ተከተሉ።

አሁን ቮልዩም አላችሁ። ሆኖም ቮልዩም ከቮልዩም ጋር ማወዳደር አይበቃም፤ ሲ እና ዲ የተለያዩ ቮልዩሞች ሆነው አንድ ዲስክ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። አይኦሲቲኤል ቮልዩም ጌት ቮልዩም ዲስክ ኤክስቴንትስ የሚለው ትእዛዝ ቮልዩሙ የተዘረጋባቸውን ዲስኮች ቁጥር ይሰጣችኋል። 234 የሚል ስህተት ከመጣ ቮልዩሙ ከአንድ በላይ ቦታ ላይ ተዘርግቷል፤ ሰፋ ያለ ቡፈር ይዛችሁ ድገሙ።

የዲስክ ቁጥር ብቻ የሚያወዳድሩ ሰዎች ግን ይታለላሉ። ቪኤችዲ ሲከፈት ዊንዶውስ የራሱን አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። ሲ ዲስክ 0 ላይ ነው፣ ኢ ዲስክ 1 ላይ ነው፤ የተለያዩ ይመስላሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ባስ ታይፕ፤ 15 ከሆነ ወደ አስተናጋጁ ቮልዩም ውረዱ፤ እዚያም እንደገና ባስ ታይፕ ጠይቁ። 15 የማይል ስታገኙ የዚያን ዲስክ ቁጥር ከምንጩ ዲስክ ጋር አወዳድሩ።

ኮዱን ከመጻፋችሁ በፊት በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ፓወርሼል ላይ ጌት-ዲስክን አስሩጡ፤ ባስ ታይፑን በቃላት ያሳያችኋል። መፈተኛ ቪኤችዲ ደግሞ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ በአጭር ጊዜ ይፈጠራል።

ሊኑክስ፣ ማክ እና ቨርቹዋል ማሽን

ሊኑክስ ላይ ነገሩ ይቀላል፤ ሁሉም መረጃ በፋይል መልክ ተቀምጧል። «/ሲስ/ብሎክ» ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዲስክ ወደ ሌላ ቦታ የሚያመለክት ሊንክ ነው። ሊንኩ በፒሲአይ በኩል ካለፈ ከካርድ ወይም ከቦርድ ጋር የተያያዘ ዲስክ ነው። «ዲቫይስስ/ቨርቹዋል» ውስጥ ከገባ ከርነሉ የሠራው ነው። ሉፕ (ፋይልን እንደ ዲስክ የሚያሳይ የሊኑክስ ዲቫይስ) ከሆነ በራሱ ፎልደር ውስጥ «ሉፕ/ባኪንግ ፋይል» የሚለውን አንብቡ፤ የፋይሉ ሙሉ አድራሻ እዚያ ተጽፏል። ኤልቪኤም (ዲስኮችን አዋህዶ የሚከፋፍል የሊኑክስ ዘዴ) ወይም የተመሰጠረ ዲስክ ከሆነ «ስሌቭስ» የሚለውን ፎልደር ተከትላችሁ ውረዱ። ኡቡንቱ ላይ ሉፕ በዝቶ ብታዩ አትደንግጡ፤ ስናፕ የሚባለው የፕሮግራም መጫኛ የሚጭናቸው ናቸው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የኤንቪኤምኢ መልቲፓዝ (አንዱን ዲስክ በብዙ መንገድ ማግኘት) የበራበት ከርነል ላይ አንዳንድ እውነተኛ ኤስኤስዲዎች «ቨርቹዋል» በሚለው ፎልደር ሥር ይታያሉ፤ «ኤንቪኤምኢ-ሰብሲስተም» የሚል ካያችሁ እውነተኛ ብላችሁ ቁጠሩት። ሁለተኛው ቢተርኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሲስተም ነው። ፋይል ላይ ስታት ጠይቃችሁ የዲቫይሱን ቁጥር ብትወስዱ ዋናው ቁጥር 0 ይመጣል፤ ዲስክ ጋር አያደርሳችሁም። ያኔ የማውንቱን ዝርዝር ከ«/ፕሮክ/ሰልፍ/ማውንትኢንፎ» አንብቡ።

ማክ ላይ ዲስክዩቲል ኢንፎ የሚለው ትእዛዝ ፕሮቶኮሉን «ዲስክ ኢሜጅ» ካለ ፋይል ነው። «ቨርቹዋል፦ አዎ» የሚለውን መስመር ብቻ አትመኑ፤ የማክ ፋይል ሲስተም ኤፒኤፍኤስ የማሽኑን የራሱን ዲስክም እንደዚያ ያስብለዋል።

ፕሮግራማችሁ ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) ውስጥ ከሆነ ግን ኮድ የሚደርስበት ድንበር አለ። ቨርቹዋል ቦክስ ውስጥ ዲስኩ ሳታ ነኝ ይላል፤ ባስ ታይፑም 11 ነው። ስሙ ብቻ «ቪቦክስ ሃርድዲስክ» ብሎ ያጋልጠዋል። ሌሎቹ የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራሞች ኪውኤምዩ እና ቪኤምዌርም ስማቸውን እዚያው ይጽፋሉ። እነዚህን ስሞች ካያችሁ ሲ እና ዲ አስተናጋጁ ላይ አንድ ዲስክ ይጋሩ እንደሆነ ከውስጥ አይታወቅም። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረውን ሰው ጠይቁ፤ መልሱንም ሴቲንግ ላይ እንዲመዘገብ አድርጉ።

ለተጠቃሚው ምን ትላላችሁ?

«ባስ ታይፕ 15» ብላችሁ ለሂሳብ ሠራተኛ አታሳዩ። የእኔ ፕሮግራም እንዲህ ይላል፦ «ኢ ድራይቭ ሲ ላይ ያለ ፋይል ነው። ሲ ከተበላሸ ይህም ይጠፋል። እባክዎ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይሰኩ።» ከሥሩ የፋይሉን አድራሻ ያሳያል። ዲስኩ አንድ መሆኑ ከተረጋገጠ ባክአፑን አይጀምርም። ካልታወቀ ያስጠነቅቃል፤ ውሳኔውን ለሰው ይተዋል።

ምርመራውንም ፕሮግራሙ ሲጫን አንዴ አድርጋችሁ አትተዉት። ቪኤችዲ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ብዙውን ጊዜ ራሱ አይከፈትም። ኢ የሚለው ፊደል ባዶ ይሆናል፤ ጠዋት የተሰካ ፍላሽ ሊወስደው ይችላል። በተቃራኒውም የውጫዊ ዲስክን ፊደል ቪኤችዲ ሊወስደው ይችላል። በፊደሉ ፈንታ የቮልዩሙን መለያ ስም መዝግቡ፤ ከእያንዳንዱ ባክአፕ በፊትም ሙሉውን ጥያቄ ድገሙ። ጥያቄው ዲስኩ ላይ ምንም አይጽፍም፤ ጊዜም አይወስድም።