የመንጃ ፈቃድ ፈተና ወድቀው አስተማሪ ለመቀየር ሲያስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጀመሪያ የተፈተንኩ ጊዜ የወደቅኩት መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው። ቆሜ ግራ ቀኝ አየሁ። መንገዱ ክፍት ነበር። አልገባሁም። ከጎኔ ያለው ሰው «አሁን ግቢ» እስኪለኝ እየጠበቅኩ ነበር። ፈታኙ ዝም አለ። በመጨረሻ ስገባ መኪና እየመጣ ነበር። ፍሬኑን የረገጠው ፈታኙ ነው።

ከመኪናው ስወርድ በአስተማሪዬ ላይ ንዴቴ ልክ አልነበረውም። ማታውኑ ሌላ አስተማሪ መፈለግ ጀመርኩ። በኋላ ቀየርኩትም። ግን የቀየርኩት ያን ማታ ባሰብኩት ምክንያት አይደለም። ልቀይር ወይስ ልቆይ የሚለው ጥያቄ የገጠመው ሰው እነዚህ ላይ ባይሳሳት ደስ ይለኛል።

የወደቁ ዕለት መወሰን

ያን ቀን ሰው ጥፋቱን የሚያላክክበት ይፈልጋል። ወይ በራሱ ይፈርዳል፣ ወይ በአስተማሪው። ስለዚህ ጥቂት ቀን ይተዉት። ለማንም አይደውሉ። ግን የሆነውን ሳይረሱት በቅደም ተከተል ይጻፉት። የት ቦታ ነበር? ምን እያደረጉ ነበር? ፈታኙ ምን አለ? ሳምንት ካለፈ ዝርዝሩ ይጠፋና ንዴቱ ብቻ ይቀራል።

«ወደቅኩ» ብሎ ነገሩን መዝጋት

መውደቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ለምሳሌ በብሪታንያ ፈተና እስከ 15 ቀላል ስህተት የሠራ ሰው ያልፋል። አንድ ከባድ ስህተት የሠራ ግን ይወድቃል። እንግዲህ በደንብ ሲነዳ የቆየ ሰው በአንዲት ቅጽበት ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ሰው አስተማሪ መቀየር ብዙም አይጠቅመውም።

ከፈታኙ የተሰጠዎትን ወረቀት ያውጡ። ካልተሰጠዎት ራስዎ የጻፉትን ይያዙ። ከዚያ እያንዳንዱን ስህተት እያዩ «ይህ ነገር ልምምድ ላይ አጋጥሞኝ ያውቃል?» ብለው ይጠይቁ።

አጋጥሞዎት የማያውቅ ከሆነ ምናልባት ድንጋጤ ነው። ሁልጊዜ ዳገት ላይ ያለችግር የሚነሳ ሰው በፈተናው ቀን ሞተር ቢጠፋበት፣ ችሎታው ጠፍቶ ሳይሆን እግሩ ተንቀጥቅጦ ነው።

ልምምድ ላይም ሲደጋገም የነበረ ከሆነ አስተማሪው ያኔ ምን እንዳደረገ ያስታውሱ። «ስፖኪዮ! ስፖኪዮ!» እያሉ መጮህ ማስተማር አይደለም። ስፖኪዮ ከፍሬቻ በፊት ለምን እንደሚታይ፣ ስፖኪዮው የማያሳየውን ጎን ደግሞ አንገት አዙሮ ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ አስረድቶዎታል? ካስረዳዎትና እርስዎ ልብ ካላሉት ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ጨርሶ ያልተማሩት ነገር ከሆነስ? አደባባይ ገብተው ሳያውቁ አደባባይ ላይ ከወደቁ፣ ወይም መኪና ወደ ኋላ ማቆምን ሁለት ጊዜ ብቻ ሞክረው ከተፈተኑ፣ ይህ አስተማሪውን ያስጠይቃል። አንድ ነገር ግን በሐቅ ይመልሱ። እሱ «ገና ነዎት» እያለ ቀኑን ያስያዙት እርስዎ ነዎት?

መኪናውን በእርግጥ ማን እንደሚነዳው አለማስተዋል

ከሁሉም በላይ ይህን ስህተት ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ።

ብዙ የመለማመጃ መኪና በአስተማሪው በኩል ተጨማሪ ፍሬን አለው። ያ ፔዳል ሕይወት ያድናል። ነገር ግን አስተማሪው በየመታጠፊያው ለስለስ አድርጎ ሲረግጠው ተማሪው ፍጥነት የቀነሰው ራሱ ይመስለዋል። አስተማሪው መሪውንም በአንድ ጣት ያስተካክላል። «ቀስ፣ ቀስ፣ በቃ ሂጂ» ይላል። የኔ አስተማሪ እንዲህ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቶኝ አያውቅም። አጠገቤ ሲቀመጥ ጎበዝ ሹፌር የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ግማሹን የሚነዳው እሱ ነው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። የሌላ ሰው ድምፅ ሰምቶ ፍሬን መያዝ የለመደ ሰው፣ ብቻውን ሲሆን ያችን ሰከንድ ከየት ያመጣታል? ከፊቱ ልጅ ቢሻገርስ? ስለዚህ ነው ነገሩን ከፈተና ማለፍ በላይ አድርጌ የማየው።

እንግዲህ ከመወሰንዎ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ያስይዙና አስተማሪዎን ዝም እንዲል ይጠይቁት። እኔ እንዲህ ነበር ያልኩት፦ «ጋሼ፣ ዛሬ እንደ ፈታኝ ይሁኑልኝ። አደጋ ካልሆነ በቀር አይናገሩኝ፣ ፍሬኑንም አይንኩብኝ። ስንጨርስ ሁሉንም ይነግሩኛል።» አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ሦስት ጊዜ ፍሬን ረገጠ። ሦስቱም ላይ አደጋ አልነበረም። ለምን እንደረገጠ ስጠይቀው «ለማንኛውም ብዬ ነው» አለኝ። መቀየር እንዳለብኝ የወሰንኩት ያን ቀን ነው። ንዴቱ አልፎ ነበር።

እህቴም ወድቃ ይህንኑ ሞከረችው። የሷ አስተማሪ ሰዓቱን ሙሉ ዝም አለ። መጨረሻ ላይ መኪናዋን ዳር አስይዟት የመዘገበውን አንድ በአንድ አነበበላት፤ የት ላይ ዘግይታ እንደነበር፣ የት ላይ ሳታይ እንደታጠፈች። እንዲህ ያለ ሰው አይቀየርም። አብራው ቆየች፣ በሁለተኛው ፈተና አለፈች።

ቁጣን እንደ ጉብዝና መቁጠር

«ካልተቆጣ አያስተምርም» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የደነገጠ ሰው ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው፤ መንዳት ደግሞ ዙሪያውን ማየት ይፈልጋል። የሚሳደብ፣ ልምምድ ላይ ስልክ የሚያወራ፣ ሰዓት የሚሸራርፍ ወይም አካልዎን አላግባብ የሚነካ ከሆነ ወረቀት ማመዛዘን አያስፈልግም። ዛሬውኑ ይተዉት። ድርጊቱ ነውር ከሆነ ለሚመለከተው ክፍል ያመልክቱ።

በይሉኝታ መቆየት

«ሰው አስተዋውቆኝ ነው፣ ምን ይለኛል?» እያሉ ከማይጠቅማቸው አስተማሪ ጋር ወራት የሚፈጁ ብዙ ናቸው። ረጅም ማብራሪያ መስጠት የለብዎትም። «እስካሁን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ከሌላ ሰው ጋር ልሞክረው ወስኛለሁ» ማለት ይበቃል። አስቀድመው የከፈሉት ካለ ውሉን አይተው ቀሪው ይመለስልዎት እንደሆነ ይጠይቁ። ባይመለስም፣ የተከፈለው እንዳይባክን ብለው ሌላ ገንዘብ አይጨምሩበት።

ፈተናው ሲደርስ መቀየር

አስተማሪ ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ መኪናውም ይቀየራል። ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ ሌላ ነው። ፍሬኑ ይከብዳል ወይ ይቀላል። ለማቆም ምልክት ያደረጉት የመስኮት ጠርዝ እንኳ ቦታው ይለያል። ጥቂት ቀን ከቀረዎት ወይ ካሉበት ጋር ይጨርሱ፣ ወይ ቀጠሮውን ያራዝሙ። ከማንዋል ወደ አውቶማቲክ ለመሻገር ካሰቡ ደግሞ ሕጉን ይጠይቁ። በብዙ አገር በአውቶማቲክ ያለፈ ሰው ማንዋል እንዲነዳ አይፈቀድለትም።

መውደቅዎን ለአዲሱ አስተማሪ መደበቅ

ብዙ ሰው አፍሮ ይደብቃል። ያኔ አዲሱ አስተማሪ ከሞተር ማስነሳት ይጀምራል፣ የሚያውቁትን ሲደግሙ ገንዘቡም ጊዜውም ያልቃል። የፈተናውን ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ደግሞ ብዙ ክፍለ ጊዜ በአንዴ አይክፈሉ፤ መጀመሪያ አንድ ቀን ይሞክሩት። ጥሩ አስተማሪ ዝም ብሎ ሲነዱ ያያል፣ ከዚያ ነው የሚናገረው።

አዲሱ አስተማሪዬ ወረቀቴን አንብቦ ሲጨርስ በቀጥታ ወደ አንድ መስቀለኛ መንገድ አስነዳኝ። ስንደርስ እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገ። «መቼ እንደምትገቢ እኔ አልነግርሽም» አለኝ። አራት መኪና አሳለፍኩ። ከኋላዬ ክላክስ ተነፋ። እሱ አልተነቃነቀም። አምስተኛው ሩቅ ነበር። ገባሁ።