ዋግነርን መስማት ለምትፈልጉ፦ ከየት ይጀመራል፣ ምንስ አውቆ ይሰማል?

ዩቲዩብ ላይ «ዋግነር» ብላችሁ ብትፈልጉ ቀድመው የሚመጡላችሁ ጠመንጃ ያነገቱ ቅጥረኛ ወታደሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ያ ማሊና መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ውስጥ ስሙ የገነነው የሩሲያ ቡድን ማለቴ ነው። ስያሜው ከመሥራቾቹ አንዱ ከነበረው ከዲሚትሪ ኡትኪን የሬዲዮ መጠሪያ የመጣ ነው ይባላል፤ መጠሪያው ደግሞ ከሙዚቃ ደራሲው ከሪቻርድ ዋግነር። ተዋጊዎቹም ራሳቸውን «ሙዚቀኞች» ይሉ ነበር። በ1883 ቬኒስ ላይ የሞተ ጀርመናዊ የኦፔራ ሰው ስሙ አፍሪካ በረሃ ድረስ ተጠራ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ቀላል ነው፤ ፍለጋችሁ ላይ «ሪቻርድ» የሚለውን ጨምሩበት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«ሙዚቃ ሙዚቃ ነው፤ ፖለቲካውን እርሱት» የሚሉ አሉ። «ሂትለር የወደደውን ጆሮዬ አይሰማም» የሚሉም አሉ። ሁለተኞቹን እረዳቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ግን አልቀበላቸውም፤ ዋግነር ራሱ ሁለቱን ነጥሎ አያውቅማ። በ1849 ድሬስደን ላይ አመፅ ሲነሳ የንጉሡ ቤት የሙዚቃ መሪ ነበር። ደሞዙን ከንጉሡ እየበላ ከአማፂዎቹ ጋር ወገነ፤ አጠገቡ የነበረው ደግሞ ሩሲያዊው አናርኪስት ባኩኒን ነው። አመፁ ሲከሽፍ የእስር ማዘዣ ወጣበትና ወደ ስዊዘርላንድ ሸሸ፤ ከአስር ዓመት በላይ በስደት ኖረ። እንዲህ ያለውን ሰው ፖለቲካውን ቆርጣችሁ ጥላችሁ መስማት አትችሉም። አውቃችሁ መስማት ግን ትችላላችሁ፣ መንገዱንም እነሆ።

ከሙሉ ኦፔራ አትጀምሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የኒበሉንግ ቀለበት» የሚባለው ሥራው አራት ኦፔራ ነው፤ በአራት ምሽት ወደ 15 ሰዓት ይወስዳል። ጽፎ እስኪጨርስ 26 ዓመት ፈጅቶበታል። በዚያ ጀምሮ የጨረሰ ጀማሪ አላውቅም፤ አብዛኛው ሁለተኛው ሰዓት ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል።

«ዚግፍሪድ ኢዲል» በሚባለው ጀምሩ። 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ዘፈን የለበትም፣ ጩኸትም የለበትም። በ1870 የገና ዕለት ጠዋት ሉሰርን አጠገብ ባለው ቤታቸው ጥቂት ሙዚቀኞችን ደረጃው ላይ ደርድሮ ሚስቱን ኮዚማን ከእንቅልፏ በዚህ ሙዚቃ ነው የቀሰቀሳት። የልደት ስጦታዋ ነበር። ሰውዬው እንዲህ መለሳለስም ይችላል ለካ ትላላችሁ።

ቀጥሎ «የራይን ወርቅ» የሚባለውን፣ የቀለበቱን የመጀመሪያ ኦፔራ፣ መክፈቻ ስሙ። አራት ደቂቃ ነው። በስልክ ስፒከር ግን በፍጹም! ደብል ቤዞቹ የሚጀምሩበት ኢ-ፍላት የሚባለው ድምፅ በጣም ወፍራም ስለሆነ ስልኩ ሊያወጣው አይችልም፤ ያው ዝምታ ነው የሚመስላችሁ። ደህና ኢርፎን አድርጉ። ከዚያ ስምንት ሆርኖች አንዱ ሌላውን እየተከተለ ይገባሉ፣ ውሃው ይንቀሳቀሳል፣ ይሞላል። 136 ባር ሙሉ ከአንድ ኮርድ (አብረው ከሚሰሙ ድምፆች) ንቅንቅ የለም። በዚያ ዘመን እንዲህ የደፈረ አልነበረም። ዛሬ ፊልም ሲጀምር ከጨለማው ውስጥ አንድ ረጅም ድምፅ ቀስ እያለ ሲያድግ ስትሰሙ የዚህ ዘር ነው።

ሦስተኛው የ«ትሪስታን እና ኢዞልደ» መግቢያ ነው። እዚህ ላይ ስልካችሁን አስቀምጡ። ቼሎዎቹ ብቻቸውን፣ ቀስ ብለው ይጀምራሉ። ወደ ላይ ዘለል ይሉና ይወርዳሉ፤ ከዚያ ያ ስሙ የወጣው ኮርድ ይመጣል። ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ በግማሽ ቶን በግማሽ ቶን እየወጣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ዝም። መልስ የለም። እንደገና ከፍ ብሎ ይሞክራል፣ ዝም። ጆሯችሁ «አሁንስ ያርፋል» ሲል እያለፈው እያለፈው ይሄዳል። እረፍቱ የሚመጣው ኦፔራው ሊያልቅ ሲል ኢዞልደ ስትሞት ነው፤ ሰሙን ነግሮ ወርቁን አራት ሰዓት እንደሚያስጠብቅ ባለቅኔ። የሙዚቃ ሊቃውንት ስለዚያ አንድ ኮርድ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ከእሱ በኋላ የመጡት የአውሮፓ ቀማሪዎችም ወይ ተከትለውታል ወይ ሸሽተውታል፤ እንዳላየ ያለፈው ጥቂት ነው።

(ሐሜት ለምትወዱ፦ ይህ ኦፔራ በ1865 ሙኒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ኦርኬስትራውን የመራው ሐንስ ፎን ቢውሎ ነው። የዚያን ጊዜ የኮዚማ ባል እሱ ነበር። እሷ ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ከዋግነር ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። የልጅቷ ስም? ኢዞልደ።)

የቱን ቅጂ ልስማ ካላችሁ፣ ለትሪስታን ካርል ቡም በ1966 ባይሮይት ላይ (የዋግነር ቲያትር ያለበት የጀርመን ከተማ ነው) የመራውን፣ ብርጊት ኒልሰን የዘፈነችበትን ፈልጉ። ለቀለበቱ ደግሞ ጌኦርግ ሾልቲ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር ከ1958 እስከ 1965 የቀዳው አለ። ከዚህ በላይ አታብዙ፤ የቅጂ ክርክር ውስጥ ከገባችሁ አትወጡም።

ዜማው የሚነግራችሁን ተከታተሉ

አሁን አንድ ሙሉ ክፍል በተርጓሚ ጽሑፍ እዩ። የቀለበቱን ሁለተኛ ኦፔራ፣ የ«ቫልኪሪ»ን የመጀመሪያ ክፍል እመክራለሁ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ተዋናዮቹም ሦስት ብቻ ናቸው። ዚግሙንድ የሚባለው ስደተኛ የሕይወት ታሪኩን ያወራል። ከአባቱ ጋር በጦርነት መሃል ተለያዩ፤ ቢፈልግ ባዶ የተኩላ ቆዳ ብቻ አገኘ። «አባቴን ግን አላገኘሁትም» ይላል። ልክ እዚያ ጋ ኦርኬስትራው በቀስታ የአማልክቱን ግንብ ዜማ ይጫወታል። ያንን ዜማ እኛ ከቀደመው ኦፔራ እናውቀዋለን። አባትየው የአማልክት አለቃ ቮታን እንደሆነ እኛ አወቅን፣ ልጁ ግን አላወቀም። አንድም ቃል አልተነገረም።

ላይትሞቲፍ የሚሉት ይሄ ነው። ለሰው፣ ለዕቃ፣ ለሐሳብ መለያ ዜማ መስጠትና ከዚያ ዜማውን እንደ ምስክር መጥራት። የከዋክብት ጦርነት ፊልሞች ላይ ክፉው ሰውዬ ሳይታይ ሙዚቃው ቀድሞ ሲመጣ የሙዚቃ ደራሲያቸው ጆን ዊልያምስ ከዚህ ነው የተማረው። ሲኒማ ቤት መብራት ጠፍቶ ሁሉም ወደ ፊት ብቻ ሲያይ፣ እሱም የዋግነር እጅ አለበት። በ1876 በከፈተው በባይሮይት ቲያትሩ አዳራሹን አጨለመው፣ ኦርኬስትራውን ከመድረኩ ሥር ደበቀው። ከዚያ በፊት ኦፔራ ቤት ማለት መብራቱ እንደበራ ማን ከማን ጋር መጣ የሚባልበት ቦታ ነበር።

ሳታውቁት የሰማችሁትም አለ። ሙሽራ ስትገባ የሚለቀቀው ያ ዜማ ከ«ሎኸንግሪን» ነው፣ 1850። ኦፔራው ውስጥ ያ ትዳር እዚያው ሌሊት ነው የሚፈርሰው፤ ይህን ለሙሽሮች አትንገሩ። በ1858 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ስታገባ ይህ ዜማና የሌላው ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ የሜንደልሰን የሰርግ ማርሽ አብረው ተጫወቱ፤ ከዚያ ወዲህ እነዚህ ሁለቱ በየሰርጉ ጥንድ ሆነው ቀሩ። ይህን ስሙን ያዙልኝ፣ ሜንደልሰንን።

ጽሑፉን ራሳችሁ አንብቡ

በ1850 «አይሁድነት በሙዚቃ ውስጥ» የሚል ጽሑፍ በብዕር ስም አወጣ። የአይሁድ ተወላጅ እውነተኛ ጥበብ መፍጠር አይችልም፣ የሚችለው መኮረጅ ነው ይላል። በስም ጠርቶ የወረደበት አንዱ ያው ሜንደልሰን ነው፣ ከሞተ ሦስት ዓመት በኋላ። ሌላው የኦፔራ ደራሲው ማየርቤር ነው፣ እሱን ግን ስሙን እንኳ ሳይጠራ። ማየርቤር ደግሞ ዋግነር ፓሪስ ላይ ሲራብ ብር ያበደረው፣ «ሪየንጺ» የተባለው ኦፔራው ድሬስደን ላይ እንዲታይ የደገፈው ሰው ነው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ!

«የዘመኑ ሰው ሁሉ እንዲህ ያስብ ነበር» የሚል ሰበብ ትሰማላችሁ። አይሠራም። በ1869 ማንም ሳያስገድደው አስፋፍቶ፣ አሁን በገዛ ስሙ ድጋሚ አሳተመው። «አይሁድ ወዳጆች ነበሩት» የሚለውም አያድነውም። በ1882 የመጨረሻ ሥራውን «ፓርሲፋል»ን የመራው ሄርማን ሌቪ የረቢ ልጅ ነበር፣ እውነት ነው። ግን የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ ኦርኬስትራውን የላከው ከነመሪው ስለሆነ ነው፤ ዋግነር ሰውዬውን ካልተጠመቅህ እያለ ሲጨቀጭቀው ነበር።

ኦፔራዎቹ ውስጥ አይሁድ ተብሎ የተጠራ አንድም ገጸ ባህሪ የለም። የቀለበቱ ሚመና የ«ማይስተርዚንገር» ኦፔራው ቤክሜሰር ግን በአይሁድ ላይ ለማላገጥ የተሣሉ ናቸው የሚሉ ምሁራን አሉ፣ አይደለም የሚሉም አሉ። እኔ ሚመን ስሰማ ደስ አይለኝም፤ እናንተ ሰምታችሁ ወስኑ።

ከሂትለር ጋር ያለውን ነገር ስታነቡ ቀኑን እያያችሁ ይሁን። ዋግነር የሞተው 1883፣ ሂትለር የተወለደው 1889። በመሃል ድልድይ የሆኑት ሰዎች ቤተሰቡ ናቸው። ኮዚማ፣ ከዚያ ልጃቸውን ኤፋን ያገባው የዘረኝነት ጸሐፊው ሂውስተን ስቱዋርት ቻምበርሌን፣ ከዚያ የወንድ ልጁ ሚስት ቪኒፍሬድ። ሂትለር በ1923 ባይሮይት ድረስ ሄዶ ቤታቸው ተቀበሉት። ሥልጣን ከያዘ በኋላ መጋቢት 1933 ፖትስዳም ላይ አዲሱ ፓርላማ በሰልፍ በተከፈተበት ዕለት ማታ በርሊን ኦፔራ ቤት የታየው የዋግነር «ማይስተርዚንገር» ነው። ናዚዎች ያደረጉት የዋግነር ጥፋት አይደለም፤ ግን አፈሩን ያዘጋጀው እሱ ራሱ ስለሆነ ንጹሕ ነው ማለትም አይቻልም።

ነገሩን የሚያወሳስቡትንም አትዝለሉ። የጽዮናዊነት አባት ቴዎዶር ሄርትዝል መጽሐፉን ፓሪስ ላይ ሲጽፍ ማታ ማታ የሚሄደው «ታንሆይዘር»ን ለመስማት ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው ጸሐፊ ዱ ቦይስ በ1903 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጆን የሚባል ጥቁር ወጣት «ሎኸንግሪን»ን እየሰማ በተመሰጠበት ነጭ ስላማረረ ከወንበሩ ያስነሱታል፤ መጨረሻ ላይ የሚገድሉት ሰዎች ፈረሶቻቸውን እየጋለቡ ሲመጡ የሚያንጎራጉረው ያንኑ የሙሽራ ዜማ ነው። ዱ ቦይስ ራሱ በ1936፣ በናዚ ዘመን፣ ባይሮይት ሄዷል። በ1915 በወጣው የአሜሪካ ድምፅ አልባ ፊልም ደግሞ የኩ ክለክስ ክላን ፈረሰኞችን ያጀበው «የቫልኪሪዎች ግልቢያ» ነው፤ በ1979ኙ የቬትናም ፊልም ላይ ሄሊኮፕተሮቹ ይዘውት የሚበሩትም እሱው። በ1961 የዋግነር የልጅ ልጅ ቪላንድ፣ ወጣት ሳለ ሂትለርን በቅርብ ያውቅ የነበረ ሰው፣ ዘፋኟን ግሬስ በምብሪን በ«ታንሆይዘር» ውስጥ ቬኑስ አድርጎ ባይሮይት ላይ አሰለፋት። ጥቁር አሜሪካዊት፣ 24 ዓመቷ። የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ። እሷ ዘፈነች፣ አዳራሹም ግማሽ ሰዓት አጨበጨበላት።

እስራኤል ላላችሁ

እዚያ የምትኖሩ አንባቢዎች ዋግነርን መጫወት የሚከለክል ሕግ አለ ብላችሁ አስባችሁ ከሆነ፣ የለም። ልማድ ነው። በኅዳር 1938 ናዚዎች ምኩራቦችን ሲያቃጥሉ የፍልስጤም ኦርኬስትራ (የዛሬው የእስራኤል ፊልሃርሞኒክ) ሊጫወተው የነበረውን የዋግነር ሥራ ከፕሮግራሙ አወጣ፤ ከዚያ ወዲያ በመድረክ ላይ መጫወት እንደ ነውር ሆነ። በ1981 የኦርኬስትራ መሪው ዙቢን ሜታ ከኮንሰርቱ በኋላ የትሪስታንን መጨረሻ ሲያስጀምር አዳራሹ ተረበሸ። በ2001 ሌላው መሪ ዳንኤል ባረንቦይም ኢየሩሳሌም ላይ መጀመሪያ ሕዝቡን ጠየቀ፣ ክርክር ሆነ፣ ጥለው የወጡ አሉ፣ ከዚያ ተጫወተ። በ2018 የእስራኤል ሬዲዮ የቀለበቱን መጨረሻ አሰምቶ ይቅርታ ጠይቋል። ኢርፎናችሁ የራሳችሁ ነው። ከእልቂቱ ለተረፈ ሰው ግን «ሙዚቃው እኮ ግሩም ነው» ብላችሁ አታስተምሩ።

ቲያትር ስትሄዱ

መድረኩ ላይ ጋሻና ቀንድ ያለው ቆብ ካልጠበቃችሁ ደስ ይላችኋል። ፈረንሳዊው የመድረክ አዘጋጅ ፓትሪስ ሼሮ በ1976 ቀለበቱን ወደ ፋብሪካና ካፒታሊስት ዘመን አምጥቶ አማልክቱን ኮት አለበሳቸው። ሕዝቡ ጮኸበት፣ ተሳደበ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ለስንብት ሲታይ ያው ሕዝብ ማጨብጨብ አላቆም አለ። ቪዲዮው አለ፤ ፖለቲካው ኦፔራው ውስጥ እንዴት እንደተቀበረ ከእሱ የተሻለ የሚያሳይ የለም።

ትኬት ውድ ነው ብላችሁ አትቅሩ፣ አውሮፓ ያላችሁ በተለይ። የቪየና ኦፔራ ርካሽ የመቆሚያ ቦታ አለው። ጫማችሁ ግን ምቹ ይሁን። ታሪኩን ቀድማችሁ አንብቡ፤ ከአዳራሹ ገብቶ ማን የማን ልጅ ነው ማለት አይቻልም። ራት በልታችሁ ሂዱ። «የራይን ወርቅ» ሁለት ሰዓት ተኩል ያለ እረፍት ነው፣ የቀለበቱ የመጨረሻ ኦፔራ የ«አማልክት ድንግዝግዝ» የመጀመሪያ ክፍል ብቻውን ሁለት ሰዓት ገደማ ይሄዳል፣ በመሃል ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ መነሳትም የለም። ውሃውን ቀነስ አድርጉ።